ገበሬው ገበያ ይድረስ

ረመዷን ሲገባ በወላይታ ሶዶ ሁላችንም «መንግሥት ለምን ዋጋ አይተምንም?» እንላለን። መዲና ውስጥም ኑሮ ሲወደድ ሰዎች ነቢዩን (ሰ.ዐ.ወ) ይህንኑ ጠይቀዋቸው ነበር። እርሳቸው ግን በማንም ላይ በደል ተሸክመው አላህ ፊት መቅረብን ስላልወደዱ ዋጋ አልተመኑም። ገበያውን ግን ለጉልበተኛ አልተዉትም፤ ዋጋን የሚያዛቡ ሥራዎችን ከለከሉ። አንዱ ኢሕቲካር፣ ማለትም እስኪወደድ ድረስ እህል መደበቅ ነው። ሌላው ከከተማ ወጥቶ ባለ ዕቃውን ገበያ ሳይደርስ መንገድ ላይ መግዛት ነው። እንዲህ የሸጠ ሰው ገበያ ደርሶ ዋጋውን ሲያውቅ ሽያጩን ማፍረስ ይችላል።

ከአረካ ወይም ከቦዲቲ በኩል ቅቤና አቮካዶ ይዛ የምትመጣን እናት መንገድ ላይ የሚጠብቅ ደላላም የሚሠራው ይህንኑ ነው። እርሷ በርካሽ ትሸጣለች፣ እኛ በውድ እንገዛለን።

የአገራችን ሕግም ከዚህ አይርቅም። የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006 ተፎካካሪ ነጋዴዎች ተስማምተው ዋጋ እንዳይወስኑ፣ እጥረት እንዳለባቸው የተገለጹ ሸቀጦችም እንዳይከማቹ ይከለክላል። ሆኖም ሕግ አስፈጻሚው ሁሉንም መንገድ ዳር አያይም፤ የምናየው እኛ ነን።

ስለዚህ ነጋዴ ወንድሞቻችን «ዘይት በስንት እንሽጥ?» እየተባባሉ ከመስማማት ይቆጠቡ። ገጠር ዘመድ ያለንም የሶዶን ዋጋ ከቤታቸው ሳይነሡ በስልክ እንንገራቸው። ይህም ሰደቃ ነው።