የሕፃናት የፊደል አጻጻፍ ትምህርት ለምን ትኩረት ያሻዋል?

ከአዲስ አበባ ወደ ጅማ በሚወስደው መንገድ ላይ የምትገኘው ወልቂጤ የጉራጌ ዞን ዋና ከተማ ናት። ቡታጅራ ደግሞ የማዕከላዊ ኢትዮጵያ ክልል በ2015 ዓ.ም ከተመሠረተ ወዲህ የምሥራቅ ጉራጌ ዞን መቀመጫ ሆናለች። በሁለቱ ከተሞችና በአካባቢያቸው በርካታ ሕፃናት አፋቸውን የሚፈቱት በጉራጊኛ ሲሆን፤ የመጀመሪያ ደረጃ ትምህርት ግን ለረዥም ዘመን በአማርኛ ሲሰጥ ቆይቷል። በመሆኑም ሕፃኑ ፊደሉንና ቋንቋውን በአንድ ጊዜ እንዲማር ይገደዳል።

የአማርኛ ፊደል 33 ዋና ዋና ሆሄያት ሲኖሩት፤ እያንዳንዳቸው በሰባት ቅርጽ ሲረቡ 231 ይሆናሉ። በአንዱ ፊደልና በሌላው መካከል ያለው ልዩነት አንዲት ቅጥያ ብቻ ብትሆንም የቃሉን ትርጉም ፈጽሞ ትለውጣለች። «በር»፣ «በሬ» እና «በራ» ለዚህ ማሳያ ናቸው። በሌላ በኩል ፊደሉ መጥበቅና መላላትን አያመለክትም። «ገና» የሚለው ቃል በዓሉን ይሁን ጊዜን የሚያመለክተው ከዐረፍተ ነገሩ ነው። ፊደላቱን አጣርቶ ያልለየ ሕፃን ይህን ለማገናዘብ ፋታ አያገኝም።

በጉራጊኛ ደግሞ በአማርኛ የሌሉ ድምፆች አሉ። ለሰባት ቤት ጉራጊኛ የሚያገለግሉ ተጨማሪ ፊደላት እ.ኤ.አ በ2005 በዩኒኮድ የኮምፒውተር ፊደላት ሥርዓት ውስጥ ተካተዋል።

የችግሩን ስፋት በ2002 ዓ.ም በተለያዩ ክልሎች የተካሄደው የንባብ ምዘና አሳይቷል። ከተመዘኑት የሁለተኛ ክፍል ተማሪዎች 34 በመቶ ያህሉ ከቀረበላቸው ምንባብ አንድ ቃል እንኳ ማንበብ አልቻሉም ነበር።

ጉዳዩ ከመማሪያ ክፍል ያልፋል። የወሳኝ ኩነት ምዝገባ በ2008 ዓ.ም በአገር አቀፍ ደረጃ ከተጀመረ ወዲህ የልደት ምስክር ወረቀት የዜጋው የመጀመሪያ ሰነድ ሆኗል። «ዓለሙ» እና «አለሙ» ለጆሮ አንድ ቢሆኑም ለኮምፒውተር ሁለት የተለያዩ ስሞች ናቸው። በልደት ምስክር ወረቀት፣ በትምህርት ቤት መዝገብና በፈተና ቅጽ ላይ በተለያየ ሆሄ የተጻፈ ስም ባለቤቱን ለእርማትና ለእንግልት ይዳርጋል።

ስለዚህ መምህራን በመጀመሪያዎቹ ክፍሎች የቃል ጽሕፈትን የዘወትር ልምምድ ማድረግ ይገባቸዋል። ርዕሳነ መምህራንና የመዝገብ ሠራተኞችም የተማሪውን ስም በመስማት ብቻ ሳይሆን ከልደት ምስክር ወረቀቱ አመሳክረው ሊመዘግቡ ይገባል። ስሙን በአንድ ዓይነት ሆሄ መጻፍ የለመደ ሕፃን ነገ በመዝገብ ላይ የሚፈጠረውን ስሕተት ራሱ ለይቶ ለማሳረም ይችላል።