የሣጥኑ ቁልፍ በማን እጅ ነው?

የሆላንዱ ኤች.ቪ.ኤ. ኩባንያ በአዳማ አጠገብ በወንጂ ሜዳ ላይ የተከለው የስኳር ፋብሪካ በ1946 ዓ.ም. ሥራ ሲጀምር፣ አገዳውን የሚቆርጠው ክንድ የኢትዮጵያዊው ወዛደር ነበር፤ በምርቱ ላይ የሚያዘው ግን ባለካፒታሉ ነበር። ፋብሪካው በ1967 ዓ.ም. በመንግሥት እስከተወረሰበት ጊዜ ድረስ፣ ማምረትና ባመረቱት ላይ ማዘዝ የተለያዩ ነገሮች መሆናቸውን ሠራተኛው በኑሮው ተምሯል።

ይኸው ጥያቄ ዛሬ በሌላ መልክ ቀርቦልናል። ከሞጆ እስከ ሻሸመኔ፣ በመቂም ሆነ በባቱ የሚኖር ሠራተኛ በእጅ ስልኩ ኢንተርኔት ሲከፍት የሚገባበት በር ብራውዘር የሚባለው ማሰሻ ነው። በዚህ በር ያለፈ ሁሉ ዱካ ይተዋል፤ ያነበባቸው ገጾችና የይለፍ ቃሎቹ ይመዘገባሉ። ስልኩ ቢጠፋ መዝገቡ አብሮ እንዳይጠፋም፣ ማመሳሰል በተባለው አሠራር ቅጂው በሩቅ ሰርቨር ላይ ይከማቻል። ታዲያ በዚህ ክምችት ላይ የሚያዘው ማነው?

«የራስን ብራውዘር መሥራት ከዓቅማችን በላይ ነው» የሚሉ አይታጡም። ይህ አመለካከት የነገሩን ታሪክ በቅጡ ያልመረመረ ነው። ኬኤችቲኤምኤል የተባለውን የብራውዘር ሞተር እ.ኤ.አ. በ1998 መሥራት የጀመሩት ኬዲኢ በተባለው የኅብረት ሥራ የተሰባሰቡ በጎ ፈቃደኞች ነበሩ። አፕል እ.ኤ.አ. በ2003 ይፋ ያደረገው ሞተር በዚሁ መሠረት ላይ የታነጸ ሲሆን፣ ጉግልም በ2013 የራሱን ሞተር ከዚያው ሐረግ አወጣ። የታላላቆቹ ኩባንያዎች በር የቆመው በብዙኃን የጋራ ድካም ላይ ነው ማለት ነው። ምንጩ ለሁሉም ክፍት በመሆኑ፣ የአዳማ ሳይንስና ቴክኖሎጂ ዩኒቨርሲቲ ወጣቶች ከባዶ ሜዳ መነሳት አያስፈልጋቸውም። ዳሩ ግን ሥራው በአንድ ዘመቻ አያበቃም፤ የጸጥታ ቀዳዳው በየጊዜው የማይደፈን ብራውዘር ዘበኛ እንደሌለው ግቢ ነው።

የኢንፎርሜሽን መረብ ደህንነት ኤጀንሲ በነሐሴ 2013 ዓ.ም. አገሪቱ የራሷን የማኅበራዊ መገናኛ መድረኮች እየሠራች መሆኗን አስታውቆ ነበር። የራስ መሣሪያ መሻት ተገቢ ነው። ሊሰመርበት የሚገባው ጉዳይ ግን አገራዊ ስም ብቻውን ነጻነት አለመሆኑ ነው።

የእድርን አሠራር እንመልከት። ሣጥኑ በአንዱ አባል ቤት ቢቀመጥም፣ ቁልፉ በሌላው እጅ ከሆነ አስቀማጩ ብቻውን ሊከፍተው አይችልም። በሞዚላ ፋየርፎክስ የማመሳሰል ሥራ የሚከናወነው በዚሁ መርሕ ነው፦ መረጃው ከስልኩ ሳይወጣ ይመሰጠራል፤ ምስጢሩን የሚፈታው ቁልፍ ከባለቤቱ የይለፍ ቃል ይመነጫል፤ ሰርቨሩ የሚያስቀምጠው የተቆለፈውን ብቻ ነው። በዚህም ምክንያት የይለፍ ቃሉንም ሆነ መጠባበቂያ ቁልፉን ያጣ ሰው በሰርቨሩ ላይ ያለውን መረጃ መልሶ ላያገኝ ይችላል። ነጻነት ኃላፊነትን ማስከተሉ እዚህም ላይ ይታያል።

የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ለዜጋው መብት ሰጥቷል። ሕጉ አጥፊውን ይጠይቃል፤ ቁልፉ ግን ጥፋቱን አስቀድሞ ይከለክላል። ሁለቱም ያስፈልጋሉ።

በመሆኑም የነዋሪዎች ማኅበር አባላትና ሠራተኞች፣ አገር በቀልም ይሁን የውጭ ማሰሻ ሲቀርብላቸው ስሙን ከማድነቃቸው በፊት ሊጠይቁ ይገባል፦ ምንጩ ለምርመራ ክፍት ነውን? ጠጋኙ ማነው? ቁልፉስ በማን እጅ ነው? ሣጥኑ የትም ይቀመጥ፤ ቁልፉ ከባለቤቱ አይውጣ!