ፈጣኑ ሰሌዳ ወይስ የሚታዘዘው?

በሸራና በነፋስ የሚነዳው የዊንድሰርፊንግ ሰሌዳ ገበያ ላይ ከዋለ ከግማሽ ምዕተ ዓመት በላይ ሆኖታል። አምራቾች በዚህ ሁሉ ጊዜ የሚፎካከሩት በፍጥነት ነው። ገንዘቡን የሚያባክነው ገዢ ግን ብዙውን ጊዜ ቀርፋፋ ሰሌዳ የገዛው ሳይሆን ከችሎታው በላይ የሚፈጥነውን የገዛው ነው።

ሆይል ሽዋይትዘርና ጂም ድሬክ የተባሉ ሁለት አሜሪካውያን እ.ኤ.አ. በ1968 ያመለከቱበት የፈጠራ መብት በ1970 ተሰጣቸው (ዓመቶቹ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። የፈጠራው ምሥጢር ሸራውን የተሸከመው ምሰሶ ወደ ሁሉም አቅጣጫ እንዲያጋድል የሚያደርገው መገጣጠሚያ ነው። መሪ የሚባል ነገር የለውም፤ ሰሌዳው የሚታጠፈው ሸራውን ወደ ፊትና ወደ ኋላ በማዘንበል ነው። የሆላንዱ የጨርቃ ጨርቅ ኩባንያ ቴን ካቴ ፈቃዱን ገዝቶ በአውሮፓ በብዛት አመረተው። በ1985 ግን የእንግሊዝ ይግባኝ ሰሚ ፍርድ ቤት፣ ፒተር ቺልቨርስ የተባለ የ12 ዓመት ልጅ በ1958 ተመሳሳይ ሰሌዳ ሠርቶ በአደባባይ ይነዳ እንደነበር ጠቅሶ በዚያ አገር የነበረውን መብት ውድቅ አደረገው።

የመጀመሪያው ሰሌዳ 3.65 ሜትር ያህል ይረዝማል። በመሐሉ ወደ ውኃው የሚወርድ ሳንቃ ስላለው በቀላል ነፋስ እንደ ጀልባ ይሄዳል፣ ነፋስ ወደሚመጣበት አቅጣጫም ይወጣል። ነፋሱ ሲበረታ ግን ርዝመቱና ክብደቱ ይጎትቱታል። አጫጭሮቹ ሰሌዳዎች በተቃራኒው ውኃውን መሰንጠቅ ትተው በላዩ ላይ ለመንሸራተት የተሠሩ ናቸው። ለዚህ በቂ ነፋስ ካላገኙ ዋጋ የላቸውም።

ሻጩ ገዢውን በመጀመሪያ ሊጠይቀው የሚገባው ክብደቱን ነው። የሰሌዳ መጠን በሊትር ይለካል፤ አንድ ሊትር በግምት አንድ ኪሎ ይሸከማል። 80 ኪሎ የሚመዝን ሰው በ85 ሊትር ሰሌዳ ላይ ከወጣ፣ የሰሌዳው፣ የምሰሶውና የሸራው ክብደት ሲጨመርበት ቆሞ ይሰምጣል። ነፋሱ ሸራውን ይዞ ከውኃ እንዲያነሳው የማድረግ ልምድ ይጠይቃል። ይህን ሰሌዳ የገዛ ጀማሪ ቀኑን ሙሉ ሲዋኝ ይውላል።

እንዲህ ዓይነቱ ትንሽ ሰሌዳ የተሠራው ለማዕበል ነው። ከሥሩ ወደ ላይ ጎበጥ ስለሚል ባንድ እግር ጫና ይታጠፋል፤ በዚያው ልክ ቀጥታ ሲነዳ ፍጥነት ያጣል። የእሽቅድምድሙ ሰሌዳ ሥሩ ጠፍጣፋ፣ ጅራቱ ሰፊ ነው። በቀጥታ መስመር የሚደርስበት የለም፣ በማጠፊያው ላይ ግን ያልለመደውን ይጥለዋል። ከ110 እስከ 150 ሊትር የሚይዘው መካከለኛ ሰሌዳ በሁለቱም አንደኛ አይወጣም። ለአብዛኛው ገዢ የሚያዋጣው ግን ይኸው ነው፤ ሊሸጠው ቢፈልግም ብዙ ፈላጊ ያገኛል።

ፍጥነት የት ድረስ እንደሚሄድ በናሚቢያ ታይቷል። ፈረንሳዊው አንትዋን አልቦ በ2015 ሉደሪትዝ ላይ፣ ለዚሁ ሥራ በተቆፈረ ቀጥ ያለ ቦይ ውስጥ፣ 500 ሜትሩን በአማካይ 53.27 ኖት ማለትም በሰዓት 98 ኪሎ ሜትር ያህል ነዳ። ለዚህ የሚሆነው ጠባብ ሰሌዳ ግን ከዚያ ቦይ ውጪ እምብዛም አይፈይድም።

የዘመኑ አዲስ ዕቃ ከሥሩ የውኃ ውስጥ ክንፍ ያለው ሰሌዳ ነው። ክንፉ ሰሌዳውን ከውኃ በላይ ስለሚያነሳው በቀላል ነፋስ ከራሱ ከነፋሱ ፈጥኖ ይሄዳል። ሚዛኑ ግን ስስ ነው፤ ሲወድቁም ከከፍታ ነው።

ከአያያዝና ከፍጥነት ሌላ ዋጋን የሚወስን አንድ ነገር አለ፤ የኦሊምፒክ ምርጫ። ከ1996 እስከ 2004 ሚስትራል፣ ከዚያ እስከ ቶኪዮ አርኤስ ኤክስ፣ በ2024 ደግሞ ባለ ክንፉ አይኪውፎይል ተመርጠዋል። ጋል ፍሪድማን በ2004 ለእስራኤል የመጀመሪያውን የኦሊምፒክ ወርቅ ያመጣው 3.72 ሜትር በሚረዝም ሰሌዳ ነበር፤ እርሱ ያሠለጠነው ቶም ሬዑቬኒ በ2024 ያሸነፈው 2.20 ሜትር በሆነው ነው። ምርጫው በተለወጠ ቁጥር አሮጌው የውድድር ሰሌዳ የቀድሞ ገዢውን ያጣል። በግንቦት 2012 ዓለም አቀፉ የመርከብ ስፖርት ማኅበር ዊንድሰርፊንግን ጭራሹን ከ2016 ኦሊምፒክ አውጥቶ በካይት ተክቶት ነበር፤ በኅዳር ውሳኔውን ሻረ። በእነዚያ ስድስት ወራት የውድድር ሰሌዳ መጋዘኑ ውስጥ የያዘ ነጋዴ እንቅልፍ አልነበረውም ቢባል ማጋነን አይሆንም።

የዋጋ ልዩነቱን በስም ብቻ መመዘንም ያሳስታል። የብዙ ታዋቂ ስሞች ሰሌዳዎች የሚሠሩት ታይላንድ ውስጥ በአንድ ፋብሪካ፣ በኮብራ ነው። በየኩባንያው የሚለያየው ቅርጹና ውስጡ የሚገባው ጥሬ ዕቃ ነው።

የመጀመሪያው ዓይነት ረጅም ሰሌዳ ደግሞ በ2010ዎቹ መጨረሻ፣ ክብደቱ ወደ 15 ኪሎ ገደማ ወርዶ፣ እንደገና ገበያ ላይ ውሏል።