እውነት ወይስ ተረት? ላምባ በመተማ ሙቀት

«ላምባ እንደ ቤንዚን አይደለም፤ ክብሪት ቢጣልበት እንኳ ይጠፋል» ይባላል። ዳባትና ደባርቅ ብርድ ላይ ይህ ያስኬድ ይሆናል። መተማ ዮሐንስና ገንዳ ውሃ ላይ ግን እንዳትሞክሩት።

ላምባ እንደ ውሃ በአንድ ቀመር የሚጻፍ ነገር አይደለም። ድፍድፍ ነዳጅ ሲጣራ በቤንዚንና በናፍጣ መካከል፣ በግምት ከ150 እስከ 300 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ላይ የሚወጣ የብዙ መቶ ሃይድሮካርቦኖች ድብልቅ ነው። አብዛኞቹ ሞለኪውሎች ከ9 እስከ 16 የካርቦን አቶም አላቸው። ትልቁን ድርሻ የያዙት አልኬን የሚባሉት ሰንሰለቶችና ሳይክሎአልኬን የሚባሉት ቀለበቶች ናቸው። አሮማቲክ የሚባሉት አብዛኛውን ጊዜ ከሩብ አይበልጡም፤ ኩራዙን ጥላሸት የሚያስተፉት ግን በዋናነት እነሱ ናቸው። (ክሩ ከልክ በላይ ሲወጣም ያጨሳል፤ ሁልጊዜ ባለሱቁን አትሙ።)

ከድብልቁ ቀለል ያሉት ቀድመው ይተናሉ። የላምባ ተን በእሳት የሚያያዝበት ሙቀት በተለመደው የጥራት መስፈርት ከ38 ዲግሪ እንዳያንስ ይፈለጋል። በመጋቢትና በሚያዝያ የመተማ ጥላ ራሱ ከ40 ያልፋል። ፀሐይ ላይ የዋለውን ጀሪካን እናንተው ገምቱት።

«ትንሽ ቤንዚን ቢነካው ምንም አይለው» የሚለው ከሁሉም የከፋው ተረት ነው። ቤንዚን ከዜሮ በታች 40 ዲግሪ አካባቢም ተኑ ይያያዛል። ለዓመታት ከሱዳን የመጣ ቤንዚን በዚሁ በመተማ መንገድ ሲገባ ኖሯል፤ ቤንዚን የያዘ ጀሪካን ሳይጸዳ ላምባ ሲሞላበት ትራፊው ብቻ ኩራዙን ወይም ምድጃውን ፈንጂ ሊያደርገው ይችላል። በዓይን አይታወቅም፤ ሁለቱም ጠርተው ውሃ ሊመስሉ ይችላሉ።

በቆመ ውሃ ላይ የፈሰሰ ላምባ የወባ ትንኝ እጭን አፍኖ ይገድላል የሚለው ግን እውነት ነው። ውሃውን ግን ለሰውም ለከብትም የማይሆን ያደርገዋል።

«ላምባ የሆድ ትል ያወጣል»? ተረት። ቀጭን ፈሳሽ ስለሆነ በቀላሉ ወደ ሳንባ ይገባል፤ አብዛኛው ጉዳትም እዚያ ነው። ስለዚህ በሃይላንድ ቀድታችሁ ልጅ በሚደርስበት አታስቀምጡት። ልጅ ከጠጣም አታስመልሱት፤ ወተትም አትጋቱት፤ በቀጥታ ወደ ጤና ጣቢያ ውሰዱት።