ከቆራሌው ጆንያ የተረፈው የአያቴ ሞርሳ

ዛሬ ይዤላችሁ የመጣሁት በእኛ ቤት ጓሮ የተሠራ ሥራ ነው። በመጀመሪያ ግን እንቆቅልሽ!

— ምን አውቅልሽ?

— መንጋጋ አለው አይበላም፤ ጥርስ አለው አያኝክም፤ የነከሰውን ግን ካላዞሩት አይለቅም።

አላወቃችሁትም? በሉ አገር ስጡኝ! መልሱ ሞርሳ ነው።

ሞርሳ ምንድን ነው?

ሞርሳ ብረት ወይም እንጨት ሲቆረጥ፣ ሲሞረድ ወይም ሲበሳ እንዳይንቀሳቀስ ጨብጦ የሚይዝ መሣሪያ ነው። ጋራዥ ውስጥና ብረታ ብረት ቤት አይጠፋም። ስሙን ያገኘነው ከጣሊያንኛ ነው። ካቻቢቴ፣ ፒንሳ፣ ሊማ፣ ግራሶ የምንላቸውም እንደዚሁ ከጣሊያንኛ የመጡ ናቸው።

ሞርሳ ሁለት መንጋጋ አለው። አንደኛው ጠረጴዛው ላይ በብሎን ታስሮ አይነቃነቅም። ሌላው ወደፊትና ወደኋላ ይሄዳል። የሚያስኬደው በሆዱ ውስጥ ያለው ወፍራም ብሎን ሲሆን፣ እሱን ደግሞ የምናዞረው በእጀታው ነው።

ለመሆኑ ለምን ይህን ያህል ጠንካራ ሆነ? እኔ በማስመሪያ ለካሁት። እጀታው ከመሃሉ እስከ ጫፉ 20 ሳንቲ ሜትር ነው። እጄ አንድ ዙር ሲዞር 2 × 3.14 × 20 = 125.6 ሳንቲ ሜትር ይጓዛል። መንጋጋው ግን በዚያ ዙር የሚሄደው ግማሽ ሳንቲ ሜትር ብቻ ነው። 125.6ን ለ0.5 ስናካፍል 251.2 ይመጣል። ሰበቃ የሚባለው ነገር ባይኖር ኖሮ የእጄ ኃይል ከ250 ጊዜ በላይ ይባዛ ነበር ማለት ነው! ሰበቃ ብዙውን ስለሚበላው ያን ያህል አይደርስም። ቢሆንም በመንጋጋው መሃል ጣታችሁን እንዳታስገቡ!

ነገሩ እንዴት ተጀመረ?

አያቴ ድሮ የጋራዥ ሠራተኛ ነበሩ። ሥራ ሲያቆሙ ሞርሳቸውን ጓሮ አስቀመጡት። የጓሮው ቆርቆሮ ደግሞ ያፈሳል። ስንት ክረምት ዘነበበት መሰላችሁ! መልኩ እንደ በርበሬ ቀላ፣ እጀታውም አልዞር አለ። ጠዋት ጠዋት «ቆራሌው!» የሚል ድምፅ ሲሰማ እናቴ «ኧረ ይኼን ብረት ስጡትና ቦታ ይልቀቅልኝ» ትል ነበር።

ታላቅ ወንድሜ ከቴክኒክና ሙያ በብረታ ብረት ሥራ ተመርቆ ስምንት ወር ቤት ተቀምጧል። የሚቀጥረው አላገኘም። በራሱ እንዳይሠራ ደግሞ መሣሪያ የለውም። መርካቶ ሄዶ የአዲስ ሞርሳ ዋጋ ጠይቆ የመጣ ዕለት እራቱን ሳይበላ ነው የተኛው።

አንድ ቅዳሜ ቆራሌው ሞርሳውን ሊያነሳ ጎንበስ ሲል አያቴ ከቤት ወጡና «ቆይ ልጄ! የዛገ ሁሉ የሞተ አይደለም» አሉት። ወንድሜን ደግሞ «ሁለት ሳምንት እንየው። ካልዳነ እኔው ራሴ ጠርቼ አሸክመዋለሁ» አሉት።

ዝገት ምንድን ነው?

ዝገት ብረት ከኦክስጅንና ከውሃ ጋር ሲገናኝ የሚፈጠር አዲስ ነገር ነው። ሁለቱም መኖር አለባቸው። ደረቅ አየር ብቻውን ብዙ አይጎዳውም፤ እርጥበት ሲጨመርበት ግን ይዝጋል። ጨው ካለበት ደግሞ ይፈጥናል።

ዝገት ሁለት ክፉ ጠባይ አለው። አንደኛ፣ ከበላው ብረት የበለጠ ቦታ ይይዛል። ስለዚህ በብሎኑ ጥርሶች መካከል ያለችውን ቀጭን ክፍተት ሞልቶ እንደ ሙጫ ይቆልፈዋል። ሁለተኛ፣ ጥቃቅን ቀዳዳዎች ስላሉት ውሃና አየር ያሳልፋል፤ ከሥሩ ያለው ብረትም መዛጉን ይቀጥላል። ውሃ ሲወስድ እያሳሳቀ ነው እንደሚባለው፣ ዝገትም ቀስ እያለ ነው የሚጨርሰው።

እንዴት አዳንነው?

1ኛ. ማላላት። አያቴ የብሎኑን ጥርሶች ናፍጣ አጠጧቸው። ናፍጣ ቀጭን ስለሆነ ጠባብ ቦታ ውስጥ ይሰርጋል። በሁለተኛው ቀን ግን ወንድሜ ቸኮለ። አያቴ ሳያዩት ትልቁን መዶሻ አንስቶ ሞርሳውን አንድ ጊዜ ኃይለኛ ምት መታው። ከጠርዙ የአውራ ጣት ጥፍር የምታህል ቁራጭ ተፈናጥራ በጆሮው አጠገብ አለፈች። መነጽር እንኳ አላደረገም ነበር። ሁላችንም ደነገጥን።

አያቴ አልተቆጡም። ቁራጯን ከመሬት አንስተው አሳዩትና «ይኼ እኮ ጊዛ ነው። ጊዛ አይታጠፍም፤ ይሰበራል» አሉት። ጊዛ ማለት ቀልጦ በቅርጽ ማውጫ ውስጥ የፈሰሰ፣ ካርቦን የበዛበት ብረት ነው። ጭነት ይችላል፤ የመዶሻ ምት ግን ይሰነጥቀዋል።

ከዚያ በኋላ ሥራው በትዕግሥት ሆነ። ጠዋትና ማታ ናፍጣ፣ ከዚያ ብሎኑ ላይ እንጨት አድርጎ በትንሽ መዶሻ ቀስ እያሉ መታ መታ ማድረግ። ንዝረቱ ዝገቱን ያላቅቀዋል። እጀታውንም ትንሽ ወደ ማጥበቂያው፣ ትንሽ ወደ ማላሊያው ገፋ ገፋ ማድረግ ነው። ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል አይደል? በዘጠነኛው ቀን «ቋ!» አለ። ሩብ ዙር ዞረ። ወንድሜ እንደ ሕፃን ዘለለ።

2ኛ. መፍታት። እያንዳንዱን ዕቃ በተፈታበት ቅደም ተከተል ካርቶን ላይ ደረደርን። የእኔ ሥራ ደብተሬ ላይ መሳል ነበር። ይኼ ባይኖር ኖሮ ሲገጠም የትኛው የት እንደነበር ይጠፋብን ነበር።

3ኛ. ዝገቱን ማስለቀቅ። ትልልቆቹን በሽቦ ብሩሽ፣ ቀጥሎም በብርጭቆ ወረቀት ፈተግናቸው። የድሮ ቀለም እርሳስ የተባለው መርዛማ ብረት ሊኖርበት ስለሚችል፣ አቧራው እንዳይነሳ ወረቀቱን በውሃ እያረጠብን ነው የሠራነው። ትንንሾቹን ብሎኖች አንድ ቀን አቼቶ ውስጥ ዘፈዘፍናቸው። አቼቶ አሲድ ስለሆነ ዝገትን ይበላል። ግን ብዙ ቀን ከቆየ ደህናውንም ብረት ይበላል። ሲወጣ ቤኪንግ ሶዳ በተበጠበጠበት ውሃ አጥቦ፣ ወዲያው አድርቆ፣ ዘይት መቀባት ነው። ካልተቀባ በሰዓታት ውስጥ ተመልሶ ይቀላል።

4ኛ. ቀለም። ውጪውን በአንቲረስት፣ ከዚያ በአረንጓዴ ቀለም ቀባነው። ብሎኑ፣ የሚንሸራተተው ክፍልና የመንጋጋው ጥርስ ግን ቀለም አይነካቸውም።

5ኛ. መግጠም። ብሎኑ ግራሶ ተቀብቶ ገባ። ጠረጴዛው ላይ ሲታሰር የመንጋጋው አናት ከወንድሜ ክርን ጋር እኩል እንዲሆን አደረግን። ከዚያ በታች ከሆነ ወገብ ያሳምማል፤ በላይ ከሆነ ደግሞ ትከሻ ያደክማል።

ልብ በሉ! (ይኼን ሳታነቡ እንዳትጀምሩ)

• ብቻችሁን አትሥሩ፤ የሚያውቅ ትልቅ ሰው ይኑር።
• መነጽርና ጓንት አድርጉ።
• ናፍጣ ባለበት እሳት አይቀርብም። በናፍጣ ፈንታ ቤንዚን አትጠቀሙ።
• አቼቶን ከበረኪና ጋር በፍጹም አትቀላቅሉ፤ ሳንባ የሚጎዳ መርዛማ ጋዝ ይወጣል።
• አቼቶ የገባበትን ዕቃ ጥብቅ አድርጋችሁ አትክደኑ፤ ጋዝ ይፈጠራል።

ታዲያ ምን ተገኘ?

ሞርሳው ሥራ ጀምሯል። ወንድሜ የጎረቤት የበር ማጠፊያና የከሰል ምድጃ እግር እየጠገነ ነው። ገንዘቡ ብዙ አይደለም፤ ግን የሴጌቶ ምላጭ የሚገዛው አሁን በራሱ ገንዘብ ነው። ባለፈው ሳምንት ደግሞ የእኛው ሚኒ ሚዲያ የማይክ ማቆሚያ ተሰብሮ ስንት ጊዜ በእጃችን ይዘን እንዳነበብን ታስታውሱ የለ? እሱንም ያለ ክፍያ ጠገነልን። ሰኞ በሰልፍ ላይ ያያችሁት አዲስ አይደለም፤ የተጠገነ ነው።

እናቴም አሁን ቆራሌው ሲጮህ «የእኛ ቤት ብረት ሥራ ላይ ነው!» ትለዋለች።

ጠርዙ ላይ የተሰበረው ቦታ ግን እንዳለ አለ። ወንድሜ ሞልቶ ሊቀባው ፈልጎ ነበር፤ አያቴ «ተወው፣ ስትቸኩል እሱን እያየህ ትመለሳለህ» አሉት። ቁራጯን ደግሞ መስኮቱ ላይ አስቀምጠዋታል።

እናንተስ ቤት «ይጣል» የተባለ ዕቃ የለም? ከመጣሉ በፊት አንድ ትልቅ ሰው ጠይቁ። ከጠገናችሁትም ጽፋችሁ ለክበባችን አምጡልን፤ በሚቀጥለው እትም እናወጣዋለን።

እስከዚያው ቸር ይግጠመን!