ነፍጥ በየቤቱ፣ ጦርነት በሩቁ

አሜሪካውያን ስለ ጠመንጃም ሆነ ስለ ጦርነት ያላቸው አስተሳሰብ ከአንድ ምንጭ የተቀዳ ነው። ምንጩ የመንግሥትን ቋሚ ሠራዊት መጠርጠር ነው። ከነጻነት በፊት የእንግሊዝ ንጉሥ ወታደሮች ቦስተን ከተማ ውስጥ ሰፍረው ነዋሪውን ሲያስመርሩ ቆይተዋል። አፕሪል 19 ቀን 1775 (ዓመታቱ በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) እነዚሁ ወታደሮች ኮንኮርድ በምትባል አነስተኛ ከተማ የተከማቸውን ባሩድና መሣሪያ ለመውሰድ በሌሊት ገሠገሡ። መንገድ ላይ፣ ሌክሲንግተን ሲደርሱ የጠበቋቸው የየራሳቸውን ጠመንጃ ይዘው የወጡ የአካባቢው ሰዎች ነበሩ። የነጻነቱ ጦርነት የተጫረው በዚያ ጠዋት ነው። የአገሪቱ የልደት ታሪክ ትጥቅ ሊያስፈታ የመጣን መንግሥት የመመከት ታሪክ ስለሆነ፣ ዛሬም የመሣሪያ ቁጥጥር ሕግ በተነሣ ቁጥር ይኸው ታሪክ አብሮ ይነሣል።

ጦርነቱ በድል ሲያበቃ ኮንግረሱ ሠራዊቱን በተነው። በ1784 የቀሩት ወታደሮች 80 ብቻ ነበሩ። ሕገ መንግሥቱም ለሠራዊት የሚመደብ ገንዘብ በአንድ ጊዜ ከሁለት ዓመት በላይ እንዳይፈቀድ አገደ። የአገር ጥበቃው በሚሊሻ፣ ማለትም እያረሰና እየነገደ በሚኖረው በታጠቀው ሕዝብ ላይ እንዲጣል ታሰበ። በ1791 የጸደቀው ሁለተኛው የሕገ መንግሥት ማሻሻያ የዚህ አሳብ ውጤት ነው። አንዲት ዓረፍተ ነገር ናት። ግማሿ ሥርዓት ያለው ሚሊሻ ለነጻ አገር ደኅንነት እንደሚያስፈልግ ትናገራለች፤ ግማሿ ደግሞ የሕዝቡ መሣሪያ የመያዝ መብት እንዳይነካ ታዝዛለች። ሁለቱ ግማሾች እንዴት ይያያዛሉ የሚለው ክርክር እስከ ዛሬ አልተቋጨም። በመጀመሪያዎቹ ዓመታት ግን ብዙ የሚያከራክር ነገር አልነበረም። በ1792 የወጣው የሚሊሻ ሕግ ዕድሜው ከ18 እስከ 45 የሆነ ነጭና ነጻ ወንድ ሁሉ ጠመንጃና ጥይት በራሱ ገንዘብ ገዝቶ ለስልጠና እንዲወጣ ያዝዝ ነበር። ያኔ ጠመንጃ መያዝ መብት ከመሆኑ በላይ ግዴታ ነበር ማለት ነው።

የታሰበው ሚሊሻ ጦር ሜዳ ላይ ብዙም አልሠመረም። በ1814 ብላደንስበርግ ላይ የእንግሊዝን ጦር የገጠሙት ሚሊሻዎች ተፈትተው ሸሹ፤ እንግሊዞችም ዋሽንግተን ገብተው ኋይት ሀውስን አቃጠሉ። ግዴታው ቀስ በቀስ ተረሳ፤ ጠመንጃው ግን በየቤቱ ቀረ።

«ሕዝብ» የሚለው ቃል ማንን ይጨምራል የሚለው ጥያቄ ከዚህ ታሪክ ሊነጠል አይችልም። በደቡቡ የታጠቁ ነጮች በዙር እየወጡ ባሪያዎችን ይጠብቁ ነበር፤ ባሪያው ራሱ መሣሪያ እንዳይነካ በሕግ ተከልክሎ ነበር። በ1857 ድሬድ ስኮት የተባለ ባሪያ ነጻነቱን በጠየቀበት ክስ ፍርድ ላይ የጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ዋና ዳኛ ሮጀር ቶኒ ጥቁሮች ዜጋ ሊሆኑ የማይችሉበትን ምክንያት ሲደረድሩ፣ ዜግነት ካገኙ የትም ቦታ መሣሪያ ይዘው ሊሄዱ ነው የሚለውን እንደ ስጋት ጠቅሰዋል። ከመቶ ዓመት በኋላም ነገሩ አልጠፋም። በ1967 የጥቁሮች ታጋይ ድርጅት የሆነው የብላክ ፓንተር አባላት ጠመንጃ አንግበው የካሊፎርኒያ ምክር ቤት ሕንጻ ገቡ። አገረ ገዥው ሮናልድ ሬገን ያን ዓመት ጥይት የጎረሰ መሣሪያ በአደባባይ መያዝን የሚከለክል ሕግ ፈረሙ። የመሣሪያ መብት ጠበቃ ተብለው የሚወደሱት ሬገን ይህን መፈረማቸውን የሚያነሣ ደጋፊ ጥቂት ነው።

በሲኒማ የታወቀው ወገቡ ላይ ሽጉጥ የታጠቀ ላም ጠባቂም ቢሆን ከታሪኩ በብዙ ይለያል። በአሪዞና ቱምስቶን ከተማ በ1881 የተካሄደው ዝነኛው የኦኬ ኮራል ተኩስ የተነሣው፣ ሕግ አስከባሪዎች በከተማ ውስጥ መሣሪያ መያዝን የሚከለክለውን ደንብ ጥሰዋል የተባሉ ሰዎችን ትጥቅ ሊያስፈቱ ሲሄዱ ነው። በካንሳስ የምትገኘው ዶጅ ሲቲም ተመሳሳይ ክልከላ ነበራት። የምዕራብ አሜሪካ ምልክት የሆኑት የኮልት ሽጉጥና የዊንቸስተር ጠመንጃ ሁለቱም የተሠሩት በምሥራቅ ጫፍ በምትገኘው ኮነቲከት ፋብሪካዎች ነው። አፈ ታሪኩን ያገነነው ከኑሮው ይልቅ ንግዱና ፊልሙ ነው ቢባል ስሕተት አይሆንም።

ብሔራዊ የጠመንጃ ማኅበር (ኤን አር ኤ) የተመሠረተው በ1871 ኒው ዮርክ ላይ ነው። መሥራቾቹ በእርስ በርሱ ጦርነት የተዋጉ የሰሜን መኮንኖች ሲሆኑ፣ ያሳሰባቸው የወታደሮቻቸው ኢላማ መሳት ነበር። ለመቶ ዓመት ያህል የማኅበሩ ዋና ሥራ የተኩስ ትምህርት፣ ውድድርና አደን ነበር። በ1934 መትረየስንና አፈሙዙ የተቆረጠ ጠመንጃን በከባድ ቀረጥ የሚቆጣጠር ሕግ ሲመከርበት የማኅበሩ ፕሬዚዳንት ኮንግረስ ፊት ቀርበው፣ መሣሪያ ታጥቆ መዞር በፈቃድ ብቻ ሊሆን ይገባል ብለው መስክረዋል። ለውጡ የመጣው የፕሬዚዳንት ኬኔዲን፣ የማርቲን ሉተር ኪንግንና የሮበርት ኬኔዲን ግድያ ተከትሎ የ1968ቱ የቁጥጥር ሕግ ከወጣ በኋላ ነው። በ1977 ሲንሲናቲ ላይ በተደረገው ጉባኤ ቁጥጥሩን የሚቃወሙ አባላት ሌሊቱን ሙሉ ተከራክረው የቀድሞዎቹን መሪዎች አወረዱ። ማኅበሩ ከዚያ ወዲህ ለምክር ቤት እጩዎች እንደ ትምህርት ቤት ውጤት የሚሰጥ፣ ዝቅተኛ ውጤት ያገኘውን የሚያስፈራ የፖለቲካ ኃይል ሆነ።

ፍርድ ቤቱ አካሄዱን የለወጠው ዘግይቶ ነው። ዋና ከተማዋ ዋሽንግተን ከ1976 ጀምሮ ነዋሪዎቿ ሽጉጥ እንዳይኖራቸው ትከለክል ነበር፤ በርካታ ኢትዮጵያውያን ታክሲ እየነዱና ሱቅ እየከፈቱ ኑሮ የመሠረቱት በዚህ ሕግ ሥር በነበረች ከተማ ነው። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በ2008 በአምስት ለአራት ድምፅ ሕጉን ሻረ። መሣሪያ የመያዝ መብት ከሚሊሻ ጋር ሳይያያዝ የግለሰቡ ነው ሲልም ወሰነ። በ2022 ደግሞ ከቤት ውጭ መታጠቅንም እንደ መብት አጸደቀ። እርግጥ ገደቡ አልጠፋም፤ በ2024 ያው ፍርድ ቤት በቤት ውስጥ ጥቃት ምክንያት የእግድ ትእዛዝ የተሰጠበትን ሰው ትጥቅ ማስፈታት ይቻላል ብሏል። የፌዴራሉ ሕግ ለውጭ ተወላጆችም ይደርሳል። በዲቪ ሄዶ ግሪን ካርድ ያገኘ ሰው እንደ ዜጋው መሣሪያ መግዛት ሲችል፣ በተማሪ ወይም በጎብኚ ቪዛ ያለ ሰው ከጥቂት ሁኔታዎች በቀር አይፈቀድለትም።

በ2017 መጨረሻ በአሜሪካ ሲቪሎች እጅ 393 ሚሊዮን ያህል መሣሪያ እንደነበር ስሞል አርምስ ሰርቬይ የተባለው የጥናት ተቋም ገምቷል። ይህ ከሕዝቡ ቁጥር ይበልጣል። መሣሪያ ያለው ግን ሁሉም ሰው አይደለም። ፒው የተባለው የጥናት ማዕከል በ2023 ባደረገው ጥያቄ መሣሪያ አለኝ ያለው ከአዋቂዎች 32 በመቶው ነው። ገጠር ላይ ግማሽ ሲጠጋ፣ ከተማ ውስጥ 20 በመቶ ገደማ ነው፤ የሪፐብሊካን ደጋፊዎች ከዴሞክራቶች ከእጥፍ በላይ ይታጠቃሉ። የመታጠቁ ምክንያትም ተለውጧል። በ1999 ከባለመሣሪያዎቹ ግማሽ ያህሉ ለአደን ነው ብለው ሲመልሱ፣ በ2023 ግን 72 በመቶው ራስን መጠበቅን ዋና ምክንያት አድርገዋል። የግቢውን አጥር ዘሎ የሚገባው ሌባ የአጋዘኑን ቦታ ወስዷል።

ከፍራቻው ጋር ሲነጻጸር የሟቾቹ አቆጣጠር ሌላ ነገር ያሳያል። በ2022 በመሣሪያ ከሞቱት ከ48 ሺህ በላይ ሰዎች መካከል ከግማሽ የሚበልጡት ራሳቸውን ያጠፉ ናቸው። ዓለም የሚያውቃቸው የጅምላ ግድያዎች፣ ማለትም በ2012 በሳንዲ ሁክ ትምህርት ቤት 20 ሕፃናትና 6 አዋቂዎች፣ በ2022 በዩቫልዲ ከተማ ትምህርት ቤት 19 ሕፃናትና 2 መምህራን ያለቁባቸው ዓይነቶቹ፣ ከጠቅላላው ሞት ትንሹን እጅ ይይዛሉ። አገሪቱን የሚያነጋግሯት ግን እነሱ ናቸው። ገዥው ሁሉ ታሪኩ ይጣራ የሚለውን አሳብ እጅግ ብዙው አሜሪካዊ፣ ባለመሣሪያውም ጭምር፣ ይደግፋል። ሆኖም ከሳንዲ ሁክ በኋላ ይህን ለማስፋት የቀረበው ረቂቅ በ2013 ሴኔት ውስጥ 54 ድምፅ አግኝቶም ወደቀ፤ ውሳኔ ላይ ለመድረስ 60 ያስፈልጋልና። ሕዝቧ ጥቂት የሆነው ዋዮሚንግም ብዙ ሕዝብ እንዳላት ካሊፎርኒያ ሁለት ሴናተር አላት። ደግሞም ቁጥጥሩን የሚደግፈው ሰው ድምፁን የሚሰጠው ብዙ ጉዳይ አመዛዝኖ ሲሆን፣ የሚቃወመው በዚህ አንድ ጉዳይ ብቻ ይመርጣል።

በጦርነቱ በኩል ያለው ለውጥ ከዚህ ያላነሰ ነው። ሠራዊት ማብዛት ያስጠረጥር የነበረባት አገር እስከ ሁለተኛው የዓለም ጦርነት ዋዜማ ድረስ ጦርነት ሲመጣ እየመለመለች፣ ሲያልፍ እየበተነች ኖረች። በ1939 የምድር ጦሯ 200 ሺህ አይሞላም ነበር። ሠራዊቱ እንደ ቀድሞው ሳይበተን የቀረው ከሶቪየት ኅብረት ጋር የነበረው ፍጥጫ ከከረረ በኋላ ነው። ጄኔራል የነበሩት ፕሬዚዳንት አይዘንሃወር በ1961 የስንብት ንግግራቸው ጦሩና የመሣሪያ ኢንዱስትሪው ተጣምረው ከሚያገኙት ጉልበት ሕዝቡ እንዲጠነቀቅ አሳሰቡ። በ2023 አሜሪካ ለጦር ያወጣችው 916 ቢሊዮን ዶላር ከዓለም ጠቅላላ ወጪ ከሲሶ በላይ ነበር።

ሕገ መንግሥቱ ጦርነት የማወጅ ሥልጣንን የሰጠው ለኮንግረስ ነው። ኮንግረሱ ለመጨረሻ ጊዜ ጦርነት ያወጀው ግን በ1942 ነው። የኢትዮጵያ ቃኘው ሻለቃ ከአሜሪካ 7ኛ እግረኛ ክፍለ ጦር ጋር የተሰለፈበት፣ ከ33 ሺህ በላይ አሜሪካውያን የሞቱበት የኮሪያ ጦርነት እንኳ አልታወጀም፤ ፕሬዚዳንት ትሩማን የፖሊስ ተግባር መባሉን ተቀብለውት ነበር። ከቬትናም በኋላ፣ በ1973፣ ኮንግረሱ የፕሬዚዳንት ኒክሰንን ተቃውሞ ሽሮ ፕሬዚዳንቱ ያለ ፈቃድ ጦር የሚያሰልፍበትን ጊዜ በ60 ቀን የሚወስን ሕግ አወጣ። የሴፕቴምበር 11ዱ ጥቃት በደረሰ ሳምንት ግን ዘመቻ እንዲከፈት በሰፊው ፈቀደ፤ በሁለቱም ምክር ቤቶች የተቃወመችው ካሊፎርኒያን የወከለችው ባርባራ ሊ ብቻ ነበረች። ያ ፈቃድ በጥቃቱ ፈጻሚዎችና በረዷቸው ላይ ተብሎ ወጥቶ ከዓመታት በኋላ ሶማሊያ ውስጥ አልሸባብን ለመምታትም ውሏል።

ሕዝቡ ለጦርነት ያለው ስሜት መጀመሪያ ላይ ይግላል፣ ሲረዝም ይበርዳል። ጋሉፕ የተባለው የሕዝብ አስተያየት መዛኝ ድርጅት በኦገስት 1965 ቬትናም መግባታችን ስሕተት ነው ያለው 24 በመቶ ብቻ መሆኑን መዝግቦ ነበር፤ በ1971 ቁጥሩ ከ60 በመቶ አለፈ። ኢራቅ ላይም በ2003 ከ23 በመቶ ተነሥቶ በ2008 እንዲሁ ከ60 በላይ ደርሷል። ጆን ሙለር የተባሉት የፖለቲካ ምሁር የኮሪያንና የቬትናምን አሐዝ አነጻጽረው ድጋፉ የሚወርደው የሟቹ ቁጥር ሲጨምር እንደሆነ አሳይተዋል። ሌሎች ምሁራን ግን ሕዝቡን የሚያስኮርፈው ሞቱ ሳይሆን ድል የማይታይ መሆኑ ነው ይላሉ። ድልም ቢሆን ለመሪው ዋስትና አይሆንም፤ አባትየው ፕሬዚዳንት ቡሽ በ1991 ኩዌትን ከኢራቅ ጦር ካስለቀቁ በኋላ 89 በመቶ ድጋፍ አግኝተው በቀጣዩ ዓመት ምርጫ ተሸንፈዋል።

ሕዝቡን ከጦርነቱ ያራራቀው ትልቁ ነገር የግዳጅ ውትድርና መቅረቱ ነው። በ1973 ሠራዊቱ በፈቃደኞች ብቻ እንዲቆም ተወሰነ። ከ1980 ወዲህ ወጣት ወንዶች፣ ግሪን ካርድ ያላቸውን ስደተኞች ጨምሮ፣ ምናልባት ቢያስፈልግ ተብሎ ስማቸው ይመዘገባል እንጂ የሚጠራቸው የለም። መደበኛ ሠራዊቱ 1.3 ሚሊዮን ገደማ ነው፤ ከሕዝቡ ግማሽ በመቶ እንኳ አይሞላም። አብዛኛው ምልምል ወታደር ካፈራ ቤተሰብ ይመጣል፤ እንደ ቴክሳስና ጆርጂያ ካሉ የደቡብ ግዛቶች የሚመጣውም ብዙ ነው። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ስኳርና ቤንዚን በራሽን ይታደል ነበር። የኢራቅ ዘመቻ በተጀመረበት በ2003 ግን ጭራሽ ግብር ተቀነሰ። አየር ማረፊያና ስታዲየም ውስጥ ወታደርን ማመስገን የተለመደው በዚሁ ዘመን ነው፤ ራሱ የማይዘምት ሕዝብ ዕዳውን በጭብጨባ የሚከፍል ይመስላል።

የጦር ሜዳው መሣሪያ ግን ወደ ቤት ይመለሳል። ኮንግረሱ በ1903 ያቋቋመው ሲቪሎችን ተኩስ የማስተማር ፕሮግራም፣ ዛሬ በግል ድርጅትነት፣ የጦሩን አሮጌ ጠመንጃዎች ለዜጎች ይሸጣል። ዩጂን ስቶነር በ1950ዎቹ ማብቂያ የነደፈው አንድ ጠመንጃ ለጦሩ ኤም 16 ሆኖ ቬትናም ዘመተ፤ ምላጩ በተሳበ ቁጥር አንዴ ብቻ የሚተኩሰው ወንድሙ ኤአር 15 ደግሞ ለሲቪሎች ተሸጠ። ይህን መሰል አዲስ መሣሪያ ለሲቪሎች መሥራትና መሸጥ ከ1994 ጀምሮ ለዐሥር ዓመት ታግዶ ነበር። እገዳው በ2004 ሳይታደስ ካለፈ በኋላ ገበያው ደርቷል።

ሁለቱ ጉዳዮች አብረው የሚገኙት በቀድሞ ወታደሮች ቤት ነው። ግማሽ የሚጠጉት የራሳቸው መሣሪያ አላቸው። ራሳቸውን ከሚያጠፉት የቀድሞ ወታደሮች መካከል ደግሞ ከዐሥሩ ሰባቱ ያህል የሚጠቀሙት በእጃቸው ያለውን ጠመንጃ ወይም ሽጉጥ ነው፤ ይህ ከሌላው ሕዝብ የበለጠ ነው። የቀድሞ ወታደሮች ጉዳይ መሥሪያ ቤት ትጥቅ አስፈታለሁ ቢል ሕጉም ፖለቲካውም አይፈቅዱለትም፤ ከታካሚዎቹም ብዙዎቹ ደጁን አይረግጡም። ስለዚህ በየሆስፒታሉ የመሣሪያ መቆለፊያ በነጻ ያድላል፤ ሐኪሞቹም ክፉ ቀን እስኪያልፍ መሣሪያውን ጥይቱ ካለበት ለይቶ መቆለፍን፣ ወይም ለሚታመን ወዳጅ አደራ መስጠትን ይመክራሉ።