ጉለሌ፦ በባሕር ዛፍ ሥር የሚያድገው ጽድ

ጉለሌ የእጽዋት ማዕከል ከአዲስ አበባ ሰሜን ምዕራብ፣ በእንጦጦ ተዳፋት ላይ 705 ሄክታር የሚሸፍን ደን ነው። በ2010 እ.ኤ.አ. ያቋቋሙት አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲና የከተማው አስተዳደር በጋራ ነው። ይዞታው ከጉለሌ አልፎ ኮልፌ ቀራኒዮ ክፍለ ከተማ ይገባል፤ ከዓለም ባንክ ሰፈር ወደ ሰሜን ቀና ሲሉ የሚታየው ሸንተረር የዚሁ ከፍታ ተያያዥ ነው።

ዩኒቨርሲቲው እዚህ የገባው በቂ ምክንያት ይዞ ነው። ምሁራኑ ከ1980 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ለሠላሳ ዓመት ያህል ደክመው የኢትዮጵያንና የኤርትራን እጽዋት በስምንት ቅጽ መዝግበዋል። ከ6,000 ገደማ ዝርያዎች ውስጥ ከአሥሩ አንዱ ያህል ሌላ አገር አይበቅልም። ወረቀት ላይ የተለጠፈ ደረቅ ናሙና ግን ዘር አያፈራም፤ ሕያው ስፍራ ያስፈልጋል።

ስፍራውን ግን ባሕር ዛፍ ቀድሞ ይዞታል። በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን ለአዲሲቱ ከተማ የማገዶ ችግር መፍትሔ ሆኖ ገባ፤ ውለታውም ቀላል አይደለም። ቢቆረጥም ከጉቶው እንደገና ያቆጠቁጣል። ሁሉንም በአንድ ጊዜ መመንጠር ደግሞ የተዳፋቱን አፈር ለክረምት ጎርፍ መስጠት ነው። ትክክለኛው መንገድ አዝጋሚው ነው፦ ባሕር ዛፉን እያሳሱ በሥሩ ጽድ፣ ወይራ፣ ዝግባና ኮሶ መትከል።

ኮሶ ልዩ ጥንቃቄ ይፈልጋል። ወንዴውና ሴቴው ለየብቻ ዛፍ ናቸው። የኮሶ ትል ሲያስቸግር ተወቅጦ የሚጠጣው ቀላ ያለ የአበባ ዘለላ የሴቴዋ ነው፤ ወንዴ በአቅራቢያዋ ከሌለ ግን የሚበቅል ዘር አይገኝም። ስለዚህ አንድ ኮሶ ለብቻው መትከል ዛፍ እንጂ ደን አያመጣም።

ደኑ ለታችኛው ሰፈርም ውኃ ይቆጥባል። ቅጠልና ሥር ያቆመው ዝናብ ቀስ ብሎ ይሰርጋል፤ እንዲህ ባለ ደጋ ላይ ምንጭ የሚፈልቅበት ጎድጓዳ መሬት ረግረግ ይሆናል፣ በበዓል ቀን ቤት የሚጎዘጎዘው ቄጠማም ይበቅልበታል። ከዚህ ሸንተረር የሚወርዱት ጅረቶች የከተማዋን ምዕራብ አቋርጦ ወደ አባ ሳሙኤል ግድብ ከሚወርደው ትንሹ አቃቂ ወንዝ ይቀላቀላሉ።

ደኑ ለእግር ጉዞ ክፍት ነው። ዳገቱን በቀጭኑ መንገድ የሚወጣ ሰው ለውጡን ከቅጠሉ ያውቃል፦ የባሕር ዛፉ ረጅምና እንደ ማጭድ የጎበጠ ነው፤ የጽዱ ግን እንደ ዓሣ ቅርፊት ተደራርቦ ከቅርንጫፉ ላይ የተጣበቀ ነው።